የተነቀሉት ችካሎች

ብልባላ፣ ግንቦት ዘጠኝ

ለቀድሞው ወዳጄ፣

ከብልባላ ዳገት ተነሥቶ እስከ ቢሮህ ደረጃ የሚዘልቅ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን ያምህ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? ተቀምጦ የሚውል ሰው ወገቡን ማመሙ አይቀርም። እናትህስ ደኅና ናቸው? እኔ፣ ባትጠይቀኝም፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። አባቴም ጉልበቱ አልታዘዝ ከማለቱ በቀር ደኅና ነው።

ስትደውል ያላነሣሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ድምፅህን ከሰማሁ እለዝባለሁ፤ ዛሬ ደግሞ መለዘብ አልፈልግም። ስለዚህ በወረቀት ይሁን።

ሾፌሩ ሐምዳን የላክኸውን ፖስታ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጋሸና ላይ ሰጠኝ። አደራ ብሎኛል አለና መኪናውን ሳያጠፋ ሄደ። እዚያው ቆሜ ከፈትሁት፤ ምን እንደጠበቅሁ ለራሴም አልናገረውም። የወጣው አዲሱ የማስተማሪያ መጽሐፍህና አንድ ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ ስሜንና የሥራ ድርሻዬን፣ የቀበሌ ግብርና ሠራተኛ ብለህ፣ ራስህ ሞልተኸዋል። የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነው።

መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አንዴ ለማወቅ፣ አንዴ ለመሳቅ። የምርምር ዘዴ መሠረቶች ለተማሪዎች። አቤት ሽፋኑ!

ምዕራፍ ሦስት ላይ፣ ተመራማሪ ሲጠይቅ መልሱን አብሮ ማጉረስ የለበትም ትላለህ። ደግ ብለሃል። እስቲ አጨዳ ላይ አቶ ደሳለን ምን ብለህ እንደጠየቅሃቸው አስታውስ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አጠገብህ ቆሞ፣ አንተ ደብተርህን ዘርግተህ፣ አዲሱን የገብስ ዘር ወደዱት ወይ አልሃቸው። እሳቸውም እግዜር ይስጥልን አሉ። ሌሎቹ አምስቱ ገበሬዎችም እግዜር ይስጥልን አሉ። እንግዳ ያመጣውን ነገር ሰው ፊት የሚነቅፍ ገበሬ ላስታ ውስጥ ካገኘህ እሱን ራሱን ምርምር አድርገው። አንተ ግን መቶ በመቶ ረክተዋል ብለህ ጻፍህ። ገጽ አርባ አንድ ላይ ክብ ሥዕል ተሠርቶለታል፤ ክቡ ዙሪያውን አረንጓዴ ነው።

ምዕራፍ አምስት ደግሞ የምትለካውን አስቀድመህ ለይ ይላል። ፍሬውን ለካህ። ገለባውንስ ማን ይለካልህ? ያ ምርጥ ዘርህ ከጉልበት አያልፍም። እዚህ አገር ገብስ የሚዘራው ለሰው ብቻ መሰለህ? በሬው በጋውን ምን ይበላል፣ መጽሐፍህን?

ፎቶህንማ ባላነሣው ይሻል ነበር። ከሥሩ «ተመራማሪው በብልባላ የገብስ ሙከራ ማሳ ላይ» ይላል። በእጅህ የያዝኸው ዛላ የስንዴ ነው። አባቴ አየና፣ ይኸ ሰው የሚያስተምራቸው ልጆች ወላጅ የላቸውም ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ይኸ ሁሉ ለሣቅ ነው። ያላሳቀኝ ምዕራፍ ስድስት ነው፤ የኛው ሙከራ። ማሳዎቹ በዕጣ ስለተመደቡ ልዩነቱ የዘሩ እንጂ የመሬቱ አይደለም ትላለህ። ቅጹም ይህንኑ አረጋግጬ እንድፈርም ነው። ከፈረምሁ በሰኔ ዘርህ ለወረዳው ገበሬ ሁሉ ይታደላል፤ የሚወስደውም ከጎተራው ያለውን የአገር ዘር እያስረከበ ነው። እትዬ ወለተ ሩፋኤልን ታስታውሳቸዋለህ፤ ለጫማህ መወልወያ ውኃ ያቀረቡልህ ባልቴት። ከአንዲት የጓሮ ቁራሽ በቀር መሬታቸው ሁሉ ጭንጫ ነው። ወሬውን ሰምተው ፖስታው በደረሰኝ ሳምንት ቤቴ ድረስ መጡ። እኔ ፊደል አላውቅም፣ ያየሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ይሁን ካልሽኝ ጎተራዬን አራግፌ እሰጣለሁ አሉኝ።

ዕጣውማ ተጥሏል። ካቻምና ሰኔ፣ አንተ ዝናቡን ፈርተህ ላሊበላ ሆቴልህ በገባህ ቀን ነው የተጣለው። ሥርዓቱንም ያስተማርሃቸው አንተ አይደለህም። የፋሲካ ቅርጫ ላይ ሥጋውን የመደበ ሰው ዕጣ አይጥልም፤ የሚጥለው ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ፣ የቱ ዕጣ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው። አንተ አሥራ አንድ ገጽ የፈጀህበትን እነሱ በሬ በጣሉ ቁጥር ያደርጉታል። ስድስቱ ገበሬዎች፣ አባቴም እትዬ ወለተ ሩፋኤልም ከነሱ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው አንድ የጓሮ መሬትና አንድ የዳገት ጭንጫ ሰጡ። ለአሥራ ሁለቱ ማሳ ስድስት ቀይ ጨርቅ ያለበት ችካል ለአንተ ዘር፣ ስድስት ነጭ ለአገሩ ገብስ። ዕጣው የአንተን ሁለቱን ጓሮ ላይ፣ አራቱን ጭንጫ ላይ ጣላቸው።

ከዚያ ሳምንት በፊት ጋሸና ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ይኸ ሙከራ ከወደቀ ሽማግሌ የምልክበት ፊት የለኝም ብለኸኝ ነበር። ዕጣው በወደቀ ማግስት እሑድ ነበር። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ አራቱን ቀይ ችካል ከጭንጫው ነቅዬ ጓሮው ላይ፣ አራቱን ነጭ ከጓሮው ነቅዬ ጭንጫው ላይ ተከልሁ። እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። አንተም አላዘዝኸኝም፤ ለዚያ እንኳ የሚሆን ድፍረት የለህም።

ብትንቀኝ አልከፋም፤ እኔ ራሴን ቀድሜህ ንቄያለሁ። አንተን የናቅሁበትን ግን ልንገርህ። አጨዳ ላይ መጣህ። ቀዩ ጨርቅ ሁሉ በየቤቱ ጓሮ፣ ነጩ ሁሉ ዳገቱ ላይ ነበር። ዕጣ እንዲህ ተሰልፎ አይወድቅም፤ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም። አየህ፣ መነጽርህን ጠርገህ ደግመህ አየህ፣ ከዚያ ደስ ይላል አልህ። ያን ጊዜ እንዴት እንዲህ ሆነ ብለህ አንዲት ቃል ብትጠይቀኝ አልቅሼ እነግርህ ነበር። አልጠየቅህም። ማዕረግህን አገኘህ። እኔ ሽማግሌ ስጠብቅ አንተ ቅጽ ላክህ።

አቶ ደሳለ ግን አይተው ኖሯል። አምና ግንቦት የማዳበሪያ ዝርዝር ስጽፍ አጠገቤ ተቀመጡና፣ ልጄ፣ ዕጣው የት የት እንደወደቀ አልረሳሁም፣ የተማረ ሰው ሥራ እንዲህ ይሆን ይሆናል ብዬ ዝም አልሁ፣ ላንቺም አፈርሁልሽ አሉኝ። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድሁ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ሰው ከዘርህ ያልለመነኝ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ተሰልፈው እግዜር ይስጥልን ያሉህ ሰዎች አንዲት ቃል አላመኑህም ነበር።

እንደገና እንጣለው ያሉትም እሳቸው ናቸው። አምና ሰኔ ከዘርህ የተረፈውን ይዘን፣ ያንኑ አሥራ ሁለት ማሳ እያንዳንዱን ለሁለት ከፈልነው። በአንዱ ማሳ ውስጥ ግማሹ ለአንተ ዘር፣ ግማሹ ለአገሩ፤ ጓሮ ከጓሮ፣ ጭንጫ ከጭንጫ እንዲተያይ። ይህ በመጽሐፍህ ገጽ ሃምሳ ሁለት ላይ አለ፤ የጻፍኸውን ብታነበው ኖሮ። ለየማሳው የባለቤቱ ዕጣ የወደቀበት ግማሽ የአንተን ዘር ይዘራል ተባለ። አቶ ደሳለ ከኮታቸው ቁልፍ በጥሰው ለዕጣ ሰጡ። እትዬ ወለተ ሩፋኤል የባቄላ ፍሬ ሰጡ። እኔም በአባቴ ፈንታ፣ ያኔ ጋሸና ላይ ጣቴ ላይ ያጠለቅህልኝን ቀለበት አውልቄ ሰጠሁ። ቄስ ምስጋኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበርና ዕጣውን እሳቸው ጣሉት። ችካሎቹን እስከ ኅዳር ማንም አልነካቸውም፤ እኔ እንኳ በአጠገባቸው ሳልፍ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ነበር።

ዘንድሮ ኅዳር አጨድን። ዘርህ መጥፎ አይደለም፤ ፍግ በጠገበው ጓሮ ከስድስቱ በአምስቱ የአገሩን በልጧል። ጭንጫው ላይ ግን በስድስቱም ተሸንፏል። በእትዬ ወለተ ሩፋኤል ጭንጫ ላይ የአገሩ ገብስ አምስት ቁና ሲሰጥ የአንተ ሁለት እንኳ አልሞላም፤ ገለባውም ለአንድ በሬ አይበቃም። ስንት ወር ሙሉ በውሸት ያስተማርኸውን ምዕራፍ፣ ስድስት ገበሬዎችና አንድ ቄስ አስተካከሉት።

ኅዳር ላይ አፌን መክፈት ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ባልቴቷ ቤቴ መጥተው ጎተራዬን ልስጥ ወይ ሲሉኝ ግን ፍርሃቴ አሳፈረኝ። ያለፈው እሑድ ሰንበቴ ላይ ሰው ሁሉ ባለበት ቆሜ የነቀልሁትን ችካል አንድ በአንድ ተናገርሁ። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እትዬ ወለተ ሩፋኤል ብቻ ቀና ብለው፣ እንግዲያስ አሁን ያየሽውን ጻፊው አሉኝ።

ይኸው ጻፍሁ። ቅጹን ሳልፈርም መልሼልሃለሁ። የዕጣው የመጀመሪያ ዝርዝር፣ ችካሉን ከነቀልሁ በኋላ ያለውና የዘንድሮው ልኬት አብረውት አሉ። ከሥራዬ ቢያባርሩኝ ይገባኛል። ግልባጩ ለወረዳው ግብርናና ለመምሪያህ ኃላፊ ሄዷል፤ ስለዚህ አልደረሰኝም ብትል አይጠቅምህም። ምዕራፍ ስድስትን አትቅደደው። ሙከራ እንዴት እንደሚበላሽ አስተምርበት፤ ያበላሸችው ማን ናት ካሉህም ስሜን ጥራ። ለምን አበላሸችው ብለው ከጠየቁህ ግን ራስህ መልስላቸው።

ፈጣሪ የሚጠይቅ አፍ ይስጥህ። ወገብህንም ይማርልህ፤ አንድ ቀን ጎንበስ ብለህ አፈር ታይበታለህ። እናትህን እጅ ነሥታለች በልልኝ፤ እሳቸው ምንም አላጠፉም።

በፖስታው ጥግ የሚንኳኳው የአባቴ ማሳ ዕጣ ነው። ጭንጫው ላይ ወድቆ ስለነበር አጥቤዋለሁ። ለሌላ ሙከራ ይሆንሃል።

ሽማግሌ ስትጠብቅ የነበረችው
እጮኛህ