በእርጥብ እንጨት የሠራሃት መርከብ

ሐሰንዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ከተለየኸኝ ረመዳን ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። በሁለቱም ሳላውቀው ላንተ የሚሆን ቴምር ለብቻ አስቀምጫለሁ።

ልጃችን ሐያት አግብታ ኢገን ከተማ ገብታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየነዳች ትመጣለች። እኔ እዚያው ሜፕልዉድ፣ ቤታችን ነኝ። የጥንት የጦር መርከብ አስመስለህ የሠራሃት መርከብህም የእንግዳ ክፍሉን እንደያዘች አለች፤ እንግዳ ሲመጣ ሶፋ ላይ ይተኛል።

ምን ብዬ ልንገርህ፤ እየተሰነጠቀችብኝ ነው።

ጥፋቱ ያንተ ነው፣ አንተ ሰው። ደረቅ እንጨት ሱቁን ሞልቶት ሳለ፣ እውነተኛዋ የተሠራችው በእርጥብ እንጨት ነው ብለህ ድርቅ አልክ። ቤት ለመጣ ሁሉ ስታወራው ታሪኩን በቃሌ ይዤዋለሁ። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ነው፤ ቦታው እዚሁ አገር፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር፣ ጫካ ነው። ጦርነት ደርሷል፤ እንጨቱ እስኪደርቅ የሚጠብቅ የለም። ጠዋት ቅጠሉ ላዩ ላይ የነበረ ዛፍ ማታ የጦር መርከብ ጎን ይሆናል። መድፉም ገመዱም በየብስ ተጎትቶ መጣ። ከወደቡ መውጫ ላይ ደለል ስለነበር መድፎቹን አራግፈው፣ ተንሳፋፊ ነገር ከግራ ከቀኝ አስረው፣ ከፍ አድርገው አሳለፏት። እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ከመቀመጫህ ትነሳ ነበር። ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ያደግህ ሰው፣ እጅህን ዘርግተህ አንተው ተሸካሚ ትሆናለህ። የእንግዳው ሻይ ይቀዘቅዛል። ለአንድ ውጊያ እንጂ ለዘመናት አልሠሯትም ትል ነበር።

የኛ ሂተር ደግሞ ብርድ ከገባ ጀምሮ እንጨቱን ያደርቀዋል። ቀጭ ሲል ከኩሽና እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ሂተሩን አጠፋሁና ጋቢ ደርቤ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ እናቴ የተሰነጠቀ ገበቴ ውሃ ሞልታ ስታሳድረው ስንጥቁ ይገጥም እንደነበር ትዝ አለኝ። ፎጣ አርጥቤ ጎኗን ሸፈንኩት። እውነትም ገጠመ። ደስ ብሎኝ ለሐያት ደወልኩላት። በሳምንቱ ሙጫው ለቀቀና ሳንቃዎቹ እየተነሱ ወደቁ። ገበቴ ሙጫ እንደሌለው ያሰብኩት ያኔ ነው።

ፎጣውን እንደያዝኩ ቆሜ አለቀስኩ። ሆስፒታል ሳለህም የያዝኩት እርጥብ ጨርቅ ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ጨርሰው ሲወጡ እኔ ከንፈርህን አርስልህ ነበር፤ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። አንተም ዓይንህን ገልጠህ የጠቀመህ አስመሰልክ። እንዳልጠቀመህ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሐያት መጥታ አየቻትና አቀፈችኝ። «እማ፣ ፒክቸር እናንሳትና እንልቀቃት፤ ሴቭ ማድረግ አንችልም» አለችኝ። ልጅቷ ክፋት የለባትም፣ ልክም ናት። እሺ ማለት ግን አቃተኝ። ከእጅህ የቀረኝ እሷ ብቻ ናት።

ለእንግዳ የማታወራው፣ ለእኔ ብቻ የነገርከኝ ነገር ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ እንዳትበሰብስ ብለው እውነተኛዋን መርከብ ራሳቸው ሐይቅ ውስጥ አሰመጧት አልከኝ። እንጨት በቀዝቃዛ ውሃ ስር ብዙ ይቆያል። ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው አወጧት። እኔ ግን አንተን አፈር ውስጥ የተውኩህ እንዲህ ያለ ብልሃት አውቄ አይደለም። የማደርገው ጠፍቶኝ ነው።

ያንተዋ ይህን ብርድ አትሻገርም። እያየኋት ትፈርሳለች፤ እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ። አንተን ግን አልረሳህም። ይህን ቃል የምሰጥህ ብርቱ ሴት ሆኜ አይደለም። መርሳትም አቅም ይፈልጋል፣ ሐሰንዬ፤ እሱም የለኝም።

ባለቤትህ ዘይነባ