ከብረት ምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1978 ዓ.ም.

በጣቷ! ብሩሽ የለ፣ ማስመሪያ የለ፣ በአሥር ጣቷ ነው የቀባችው። ለጉልበቴ መርፌ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስመለስ የልጄ ሚስት አስቴር ከብረት ምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጭስ ማውጫው ቧንቧ ድረስ በቀይ አፈር፣ በአመድና በነጭ ሸክላ ሞልታዋለች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ በርጩማ ላይ ቆማለች። እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ ነው።

«እማማ፣ ሳይደርቅ እንዳይነኩት» አለችኝ። እንደምን ዋሉ የለ፣ ምን የለ።

ለግድግዳው አንድ ነገር እንደሚያስፈልገው አልክድም። ሚሲዮናውያኑ ሲሄዱ ምድጃውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ከጀርባው ያልሞከርኩት የለም። ባዶው ጭቃ ተሰነጠቀ። ጋዜጣ ሦስት ጊዜ ለጠፍኩ፤ ቡናማ ሆኖ ተጠቀለለ፤ አምና እሳት ይዞት ላዩ ላይ የታተመ አንድ ረጅም ንግግር ከግማሹ ቀረ። ልጄ ጳውሎስ ቆርቆሮ መታበት፤ በጋለ ቁጥር እየጮኸ አላስቀምጥ አለን፤ ነቀልነው።

ግን ይህ? በእናቷ አገር፣ በአሪዎቹ መንደር፣ ሴቶች ቤታቸውን እንዲህ ይቀባሉ። እዚያ ይቀቡ። የግራው ክብ ከቀኙ በአንድ ስንዝር ይበልጣል። መስመሮቹ ሽቅብ ይሄዱና ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ክር ከዛነፈብን ጥልፉን እስከ መጀመሪያው ያስፈቱን ነበር። እያለቀስኩ ፈትቻለሁ። ከዚያ በኋላ ከእጄ ጠማማ ስፌት ወጥቶ አያውቅም።

ልጁ እዚህ እንዲወለድ ተስማምተናል፤ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው። እሷን ማስቀየም አልፈልግም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ማለዳ ዐይኔን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ያንን ግድግዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ አስቴር እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «በመጨረሻው ደብዳቤ ጳውሎስ ስለ ግድግዳው ምንም አላለም?»

«አላለም።»

«ሳይሄድ ተነጋግረን ነበር።»

«አላለም አልኩሽ።»

እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም። ብሏል። ጳውሎስ በሚያዝያ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄደ። በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ነው። ደብዳቤዎቹን የማነብላት እኔ ነኝ። አስቴር የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት አላት፤ ግን የሚሆንላት የታተመ ፊደል ነው፣ እሱም እየተንተባተበች። የእጅ ጽሑፍ አይሆንላትም። እኔም ሁሉን አላነብላትም። የሚገባውን አነባለሁ። በሐምሌው ላይ እንዲህ ይላል፦ «አስቴር ከምድጃው ጀርባ እንደ እናቷ ቤት አድርጋ ትቀባው። ልጃችን ዐይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሁን።» ዘለልኩት። ሰላም ነኝ፣ ጸልዩልኝ የሚለውን አነበብኩላት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

አስቴር ገበያ ወጣች። እኔ ኖራውን በጠበጥኩ።

ጎረቤታችን ጋሽ ማሞ ግንበኛ ነው፤ መሰላል ልዋሰው ብሄድ ባልዲዬን ዐየ። «የት ሊቀቡት ነው፣ መምህርት?»

«ከምድጃው ጀርባ።»

«ተዉ እንጂ! ኖራ ከትኩስ ብረት አጠገብ አይቀመጥም። ደግሞ ሥሩ ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ ዐይቼዋለሁ። ቆንጆ አድርጋ ሠርታው የለ እንዴ!»

መሰላሉን ስጠኝ እንጂ ምክር ማን ጠየቀህ አልኩት። ሰጠኝ። ክር ወጥሬ፣ ዳሩን አስተካክዬ፣ ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁ። እስከ ቀትር ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ነጭ ግድግዳ ሆነ። ደስ አለኝ።

አስቴር ጎደሬ ተሸክማ ገባች። ዘንቢሉን አስቀመጠች። ትጮኻለች ብዬ ነበር።

«ጨረሱ፣ እማማ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ጨረሱ።»

ጎደሬውን ልጣ ቀቀለች፤ አቀረበችልኝ፤ እሷ አልበላችም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ሄደች። ጎሕ ሲቀድ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ወደ እናቷ ሄደች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ ይህን እንኳ አስተምሬያታለሁ።

ጸሎት በጋሽ ማሞ ቤት ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ መዝሙሩ በለሆሳስ፣ በሩም ዝግ ነው። ሴቶቹ «አስቴርስ?» አሉ። «እናቷን ልትጠይቅ» አልኩ። ጋሽ ማሞ መሬት መሬቱን ዐየ።

ተመልሼ ምድጃውን አቀጣጠልኩ። ሻዩ ሳይፈላ ኖራው ማበጥ፣ ቀጥሎ መፈርፈር ጀመረ። ቅርፊቱ እየተነሣ ጭቃውን ይዞ ምድጃውና ማንቆርቆሪያው ላይ ይወርዳል። የእሷ ሥራ የለም፣ የእኔም የለም፤ ግድግዳው እከክ የያዘው ውሻ መስሏል። ጋሽ ማሞ መሰላሉን ሊወስድ መጥቶ ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ ተመለከተና «የኖራ ሻይ፣ መምህርት? ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ» አለ። መሰላልህን ይዘህ ውጣ አልኩት። ይዞ ወጣ፤ ሳቁን ግን እስከ አጥሩ ሰማሁት።

ከዚያ ደብዳቤዎቹን የማስቀምጥበትን የስፌት ሳጥኔን ከፈትኩ። የሐምሌው ደብዳቤ የለም። ወስዳዋለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ለማን ታስነብበው ይሆን? ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪው? ለማንም ታስነብብ፣ ግድግዳ የሚለው ቃል እዚያው ነው፤ የጳውሎስ ጽሕፈት ግልጽ ነው፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ለምን ዘለልኩት? ለሥርዓት ነው ብዬ ለራሴ ነግሬ ነበር። አይደለም። ለእኔ የጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ጉልበትዎ እንዴት ነው?» የቀረው ገጽ ሁሉ የእሷ ነው። የሌላ ሰው ደብዳቤ በእኔ ስም እየመጣ እኔ አንባቢ ብቻ ሆንኩ።

ልጁ እዚያ ከተወለደ እኔ ማነኝ? ጳውሎስ ባይመለስ (ጻፍኩት እንግዲህ) ከእሱ የሚቀረኝ ይኸው ልጅ ነው።

ነገ እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የሁለት ሰዓት መንገድ በአራት ሰዓት ሄድኩት። ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ።

እናትየዋ ከደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። በአማርኛዋ ወንድና ሴት አትለይም። «መጣህ? ኖራህ የታለ? የኛንም ልትቀባ ነው የመጣህ?» አለችና ብቻዋን ሳቀች። ቢሆንም ውኃ ሰጠችኝ።

አስቴር ከውስጥ፣ ከተቀባው ግድግዳ ሥር፣ ቁርበት ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ደብዳቤው ጭኗ ላይ ነው። ለማንም አላስነበበችም። ሁለት ቀን ሙሉ ፊደል በፊደል ስትለቅም ነበር።

«በመጀመሪያ ‹ግድግዳ› የሚለውን አገኘሁት» አለች። «ከእሱ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ከዚያ ወደ ፊት። አላለም ብለውኝ ነበር።»

«ብሏል» አልኩ። «እያየሁት ዘለልኩት።»

ግድግዳቸው ላይ ያሉት ክቦችም እኩል አይደሉም። ቀና ብዬ ብዙ ጊዜ ዐየኋቸው፤ የማርመውን አጣሁ።

«ሁለቱን ደብዳቤዎች ይስጡኝ» አለች። «የግንቦቱንና የሰኔውን። ራሴ አነባቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ የት እንደምወልድ እነግርዎታለሁ።»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

እግሬ አብጧል። ደብዳቤዎቹን አወጣሁ።

የግንቦቱ ደህና ነው። የሆሄ ስሕተቱን በቀይ እርሳስ አርሜበታለሁ፤ አራት ቦታ። የወታደር ልጄን ደብዳቤ አርሜ ማስቀመጤ አሁን ሳየው ያሳፍራል፤ ግን ይነበባል።

የሰኔው ከታች፣ «ለአስቴር» ከሚለው ቀጥሎ፣ ሁለት መስመር ተሰርዟል። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። በቀለም፣ በማስመሪያ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ፣ ቀጥ አድርጌ። ያኔ ማንም እንዳያየው ብዬ ነበር፤ ተሳክቶልኛል። በመስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። በጀርባው በኩል በጣቴ ዳበስኩት፣ የጳውሎስ ብዕር የተጫነበት ይገኝ እንደሆነ ብዬ። አንድ «ል» የምትመስል አገኘሁ። ምን ይል እንደነበር ለማስታወስ ከጠዋት ጀምሮ ታገልኩ። አላስታውስም።

ጋሽ ማሞ መጥቶ «ነገ በዚያ በኩል ሥራ አለኝ፤ ደብዳቤዎቹን እኔ ላድርስልዎ» አለ። ደግ ሰው ነው። እምቢ አልኩት። አስቴር «እዚህ ምን ይላል?» ትላለች። አላውቅም የሚለውን መልስ ሌላ ሰው አይሸከምልኝም።

እብጠቱ ከቀለለልኝ ነገ፣ ካልቀለለልኝም ነገ።