ቀዩን ጠርሙስ አልልክም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ሰላምታዬ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ መቀስ ይዘው በቆሙበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? እጅዎን ወደ ላይ ሲያነሱ የሚጠዘጥዝዎት ቀኝ ትከሻዎስ? ቆመው ሲውሉ የሚያብጠው እግርዎ ማታ ለብ ያለ ውሃ እየተደረገለት ነው ወይስ አሁንም "ሲደክመው ይተወዋል" እያሉ ነው? እማዬስ ዓይኗ ተሻላት? የአያቴ ሳልስ? ራሰ በራ ሆኖ ሳለ በየሳምንቱ ወንበርዎ ላይ ለወሬ የሚሰየመው ጡረተኛስ እንዴት ከርሟል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እናፍቃችኋለሁ፤ ሦስቱንም በሰዓታቸው።

ይህን ሁሉ በስልክ መንገር እችል ነበር። ነገር ግን በስልክ ያልተዋጠልዎት ነገር ሲመጣ "መስመሩ ተበላሸ" ይሉና ይዘጉታል። መስመሩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚበላሸው እኔ "ግን አባባ" ስል ነው። ደብዳቤ አይዘጋም። ቀደው ቢጥሉት እንኳ እማዬ ቁርጥራጩን ገጣጥማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብልዎታለች።

መልእክትዎ ደርሶኛል። የታናሽ እህቴ ፊት በወዝ እያብለጨለጨ ብጉር በብጉር እንደሆነ፣ ስለዚህ ያንን ቀዩን የፊት መታጠቢያ፣ የሚያቃጥለውን፣ አንድ ካርቶን እንድልክ፣ ከእሷ የተረፈውንም ለደንበኞችዎ እንደሚያደርጉት ጽፈውልኛል። የሰፈራችን ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ አድርጎ ቀጥሯት ሳለ "ይሄ ፊት ሳይጠራ ሰው ፊት አትቀመጥም" ብለው፣ ለክሊኒኩም ታማለች ብለው፣ ቤት እንዳስቀሯት ሰምቻለሁ። እስኪጠራ ድረስም ጠዋት በልብስ ሳሙና፣ ቀን በሎሚ፣ ማታ ደንበኛ ከላጩ በኋላ በሚያርከፈክፉት አልኮል እንደሚፈትጓት ራሷ ነግራኛለች። አባባ፣ የከሰለ ድስት እንኳ እንዲህ አይታሽም።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ቀዩን ጠርሙስ አልልክም። ካርቶኑም ይቅር፣ አንዱንም አልልክም። ሳይሰሙኝ ከሚቆጡ ሰምተውኝ ቢቆጡ ይሻላል ብዬ ምክንያቱን እጽፍልዎታለሁ።

የምሠራበት ሱቅ ጠባብ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው በላይ ምሕረት የሌለው ነጭ መብራት፣ ከመብራቱ ሥር ደግሞ በገዛ ፊታቸው የተቆጡ ሴቶች። ወንዶችም ይመጣሉ፤ ሁሉም "ለእህቴ ነው" ይላሉ። ቀዩ ጠርሙስ የሚደረደረው በሩ አጠገብ ነው። ባለሱቋ እንደምትለው ሰው ፊቱ ላይ የሚሰማው ነገር ይፈልጋል፤ ካላቃጠለው ገንዘቡ የት እንደገባ አያውቅም። እርስዎና እሷ ሳትተያዩ አንድ እምነት ይዛችኋል።

እኔ ደግሞ የማንበብ አመሌን ያውቁታል። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አንብቤ ካልጨረስኩ ስኳሩን አልሰጥም እያልኩ እማዬን ያስመረርኩ ልጅ ነኝ። እዚህ የሚነበብ ሳጣ የጠርሙሶቹን ጀርባ ማንበብ ጀመርኩ። ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል፤ ቃሉ ደግሞ ተነቦ ሳያልቅ ምላስ ይተሳሰራል። ከጎናችን ባለው መድኃኒት ቤት የምትሠራው ፋርማሲስት ጥሩ ሰው ናት፤ አብረን ምሳ ስንበላ አንድ በአንድ ፈታችልኝ።

መጀመሪያ ያስተማረችኝ ስለ ሰልፉ ነው። በጠርሙሱ ጀርባ የተጻፉት ነገሮች የሚሰለፉት በብዛታቸው ነው። ብዙ የገባው ከፊት፣ ጥቂት የገባው ከኋላ ይቆማል፤ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉት ብቻ መጨረሻ ላይ እንደፈለጋቸው ይጋፋሉ። በቀዩ ጠርሙስ ፊት ላይ የአንድ ዛፍ ቅጠል ጠል እንዳረፈበት ሆኖ ተስሏል፤ ሰው የሚገዛው እሱን አይቶ ነው። ጀርባውን ሳገላብጥ ግን ቅጠሉን ያገኘሁት ከሽቶው ኋላ፣ ቀለሙ አጠገብ ተወሽቆ ነው። ስሙ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ ተጽፎ፣ መድረክ ላይ አንዴ "አቤት ጌታዬ" ብሎ የሚወጣ ተዋናይ ይበሉት።

ከፊት የቆመው ማነው? ውሃ ነው። ከውሃ ቀጥሎ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚባል አለ፤ አረፋውን የሚያበዛው፣ ቅባቱን ጠራርጎ የሚወስደው እሱ ነው። ስሙን ላጠፋው አልፈልግም፤ ሰሃን ላይ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ፊት ላይ ግን ያገኘውን ሁሉ፣ ቆዳ የሚያስፈልገውንም ጭምር፣ ይዞት ይሄዳል። ከእሱ ቀጥሎ አልኮል፣ ከዚያ ሜንቶል። እርስዎ "ቀዳዳው ሲከፈት ይሰማል" የሚሉት ያ ቅዝቃዜ ሜንቶሉ ነው። የቆዳ ቀዳዳ በር አይደለም፤ አይከፈትም፣ አይዘጋምም።

አልኮልን ልሰድብ አልተነሳሁም፤ እኛ ራሳችን በአልኮል ያደግን ልጆች ነን። ምላጭና መቀስዎ በእሱ ካልጸዳ ደንበኛ አያስቀምጡም፤ በዚህ የሚስተካከልዎ ፀጉር አስተካካይ እዚህም አላየሁም። ነገር ግን ፊት ምላጭ አይደለም። ብረቱ ቢቃጠል አይላጥም። ቆዳ ላይ አልኮል ሲደጋገም ያደርቀዋል፣ ያስቆጣዋል፣ ይልጠዋል፤ ወዙ ግን ምንጩ ከሥር ስለሆነ መምጣቱን አይተውም። ሎሚው ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ጭራሽ ቆዳ ያቃጥላል። የልብስ ሳሙናው የተሠራው ለአንገትጌ ነው። እህቴ አሁን ያላት ከላይ የተላጠ፣ ከሥር የሚወዛ ፊት ነው፤ አንድ ችግር ይዛ ገብታ ሁለት ይዛ ወጣች። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለጨርቅ ብቻ አይደለም።

በነገራችን ላይ አልኮል የሚል ስም ያለው ሁሉ አልኮል አይደለም። ሴቲል አልኮል የሚባል አለ፤ እሱ እንደ ቅባት ያለ ነገር ነው፣ ቆዳ ያለሰልሳል እንጂ አያደርቅም። የአክስቴን ባል ያስቡት። ሰፈሩ በሙሉ "ኮሎኔሉ" ይለዋል፤ ጠመንጃ ሲነካ ግን ያየው ሰው የለም።

አሁን የእኔን ጉድ ይስሙ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ቀዩን ጠርሙስ ልትደግም መጣች። የእህቴ እኩያ ናት፤ ጉንጯ ቲማቲም መስሏል፣ አገጯ ተልጧል። ያቃጥልሽ ይሆን ብዬ ብጠይቃት "በጣም፤ የወደድኩትም ለዚያ ነው" አለችኝ። ጠርሙሱን ገለበጥኩና ሰልፉን ከራስ እስከ ጅራት አነበብኩላት። አመስግናኝ ሳትገዛ ሄደች። ባለሱቋ ሂሳብ መቀበያው ጋ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። "አንቺ ሻጭ ነሽ ወይስ አንባቢ?" አለችኝ። ሁለቱንም ነኝ አልኳት። እዚህ ቤት የሚፈለገው አንዱ ነው ስትለኝ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ "እንግዲያው ጀርባ የሌለው ጠርሙስ አስመጪ" አልኳት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጓዳ ገብቼ ካርቶን እፈታለሁ። ይቅርታ ከጠየቅሁ ወደ መሸጫው እንደምትመልሰኝ ነግራኛለች። አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም። ኩራት ነው ቢሉኝ ኩራትም አለበት፣ አልክድም። ዋናው ግን እዚህ የሰው ልጅ አገጭ ሲላጥ እያየሁ ዝም ካልኩ፣ ለእህቴ ስል እርስዎን ለመሟገት ምን አፍ ይኖረኛል? ብታባርረኝም ታባርረኝ፤ ጀርባው የሚነበብ ጠርሙስ ያለበት ሌላ ሱቅ አይጠፋም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሰው አንድ ነጭ ጠርሙስ ያስረክብዎታል። ቅጠል የለበትም፣ አይሸትም፣ አረፋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሲያዩት እንደሚንቁት አውቃለሁ። ጀርባው ላይ ከውሃ ቀጥሎ ግሊሰሪን አለ፤ ቆዳው ውሃውን ይዞ እንዲቆይ ያደርጋል። ከዚያ ኮኮ ግሉኮሳይድ አለ፤ እሱም ቅባት ያነሳል፣ ግን እጁ ቀላል ነው፤ እርስዎ የሕፃን ፀጉር ሲቆርጡ እንደሚሆኑት ማለት ነው። ከኋላ ደግሞ ሳሊሲሊክ አሲድ በጥቂቱ ገብቷል። ቅባት ውስጥ መግባት ስለሚችል ቀዳዳውን የደፈነውን ያላላዋል። አሲድ የሚለውን አይተው "ይኸው፣ የሚያቃጥል ላከች" ብለው ደስ እንዳይልዎት፤ ከመቶ ሁለት አያልፍም።

እሱንም ቢሆን የተላጠው እስኪድን አትነካውም፤ ለጊዜው ውሃ ብቻ ይበቃታል። ሲድን በቀን በቀን ሳይሆን ቀን እየዘለለች ትጀምር፤ ታጥባ ስታበቃ ፊቷ ከተወጠረ ጠራ ማለት ሳይሆን ተጎዳ ማለት ነው። ብጉሩ አልለቅ ካለ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ታያለች። ሩቅ አይደለም፤ ከምትቀመጥበት ወንበር ቀጥሎ ያለው በር ነው።

አዎ አባባ፤ ከምትቀመጥበት ብያለሁ።

ሰኞ ዕለት አክስቴን ልብስ አጠባ ልታግዝ ሄደች የተባሉት፣ ክሊኒክ ነበረች። ማክሰኞም ረቡዕም እዚያው ነበረች። አንድ የኮሎኔል ቤት ይህን ያህል ልብስ ከየት እንደሚያመጣ አለመጠየቅዎ ገርሞኛል። ታማለች ብለው ለክሊኒኩ የነገሩትን፣ ተሽሎኛል ብላ ደውላ የሻረችው ራሷ ናት። ሂጂ ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ። እማዬ ታውቅ እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ እማዬ የማታውቀው ነገር ቤታችን ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ሻርፗን እስከ ዓይኗ ጠምጥማ ነበር የተቀመጠችው፤ ክፍሉ ሲሞቅ ግን ሳይረፍድ አወለቀችው። አንድ ታካሚ ቀጥ ብሎ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተተከለ። ነፍሷ እንዳልቀረላት ነግራኛለች። ሰውዬውም ትክ ብሎ አያትና ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቃት። በግራ አለችው። ሥራ ጀመረች ማለት ይኸው ነው።

ሰው እንዳይሳለቅባት ሠግተው እንጂ ጠልተዋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብን፤ የሚሳለቀውን ትተን የእሷን ጉንጭ ገረፍነው። ፊቷ ይወዛል፤ የእርስዎም ይወዛል፣ የእኔም ይወዛል፤ ከእሷ በፊት በዚህ ምክንያት ሥራ የቀረ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም፣ ከእንግዲህም አይኖርም። ይቆጡ፤ መብትዎ ነው። ቁጣው ግን በእኔ ስም ወደዚህ ይላክ። ጠዋት ስትወጣ በር ላይ አይቁሙባት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ይህን ስታነብልዎ ሳቋን እንድትይዝ ይንገሯት። ለአያቴ የሳል ሽሮፕ ልኬያለሁ፤ እሱንም ለፊት እንዳታደርጉት። አክስቴንና ባሏን በያሉበት እጅ ነስቻለሁ። ታናሽ እህቴን ሰላም በሉልኝ አልልም፤ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ከክሊኒኩ ስልክ እየደወለች ሰላምታዋን ራሷ ትወስዳለች።

አክባሪዎም እምቢ ባይዎም የሆንኩት፣
ትልቋ ልጅዎ

ከሱቁ ጓዳ፣ ካልተፈታ ካርቶን ላይ ተቀምጬ
ሐሙስ፣ የካቲት ፲፩ ቀን