ደክሞኛል ያልኩ ዕለት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሐኪም ቤት ሳትሄጂ በማር ብቻ እያባበልሽው ነው? ሙሽሮቹስ እንዴት ናቸው? አዲሱን ቤታቸውን ለመዱት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እዚህ ቦዶ ከተማ ሰሞኑን ፀሐይዋ ቀንም ሌሊትም አልጠልቅ ብላን መጋረጃ በመጋረጃ ላይ ደርቤ ነው የምተኛው። ድመቷም ደህና ናት፤ የሚቆጣት ስለሌለ ወፍራለች።

ስልክ ብደውል ብደውል አታነሺም። አንድ ቀን ተሳስተሽ አነሳሽና «ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው፤ ከኋላሽ ቴሌቪዥኑ ይጮህ ነበር። ይሁን፣ አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜያለሁ። ለማንኛውም ይህን ቀደሽ የምትጥይው ከሆነ እንኳ መጀመሪያ አንብቢና ከዚያ ቅደጂው።

የተቀየምሽኝ በምን እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅሽ ሱልቫይ በሠርጓ ቀን አባቷ ሳይኖር ቤተ ክርስቲያን ገባች። ገና ጥርስ ሳታወጣ ጀምሮ «ክንድሽን ይዤ የማስገባሽ እኔ ነኝ» ሲላት የኖረው ሰው ቀርቶ ጎረቤታችሁ አስገባት። ይህ ደግሞ የሆነው እኔ፣ የገዛ አክስቷ፣ «ደክሞኛል» ስላልኩ ነው። ደሴቱ በሙሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው፤ ውሸትም አይደለም፣ ብያለሁ። ነገር ግን ሁሉም ሰው ሲነግርሽ ከእኔ አፍ አልሰማሽውም።

ያን ዓርብ ባልሽ ቶርላይፍና እኔ፣ እሱ አብራሪ እኔ አስተናጋጅ ሆነን፣ አንድ አውሮፕላን ላይ የተመደብነው ለምነን ነው። የመጨረሻው በረራ ወደ ደሴታችሁ ስለሆነ አውሮፕላኑ እዚያው ያድራል፤ እኛም አድረን በማግስቱ ሠርጋችንን እንበላለን ብለን። ሐምራዊ ቀሚሴን በሻንጣ ይዣለሁ፤ የቶርላይፍ ሙሉ ልብስ ደግሞ ከመቀመጫው ኋላ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ሲወዛወዝ ነበር። ባልሽ ከጠዋት ጀምሮ የሙሽራ አባት የሚያደርገውን ንግግር ለራሱ ያጉተመትማል። ደስ ብሎት ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀኑ ግን ከማለዳው ተበላሸ። ጉም ከባሕር ተነስቶ የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ተኛበትና አየር ላይ ዞረን ዞረን ተመለስን። እንደገና ሄድን። ሦስተኛውን በረራ ጨርሰን ቦዶ ስናርፍ ደግሞ አንዲት የማስጠንቀቂያ መብራት በራች። መካኒኩ ሌላ አውሮፕላን ሥር ተኝቷል፤ የሚለወጠው ዕቃ ከትሮምሶ በሌላ በረራ ይመጣል፤ ያ በረራ ራሱ ዘግይቷል። አንዱ የሌላውን መዘግየት ሲቀባበል እንዲህ ነው የሚውለው። ተሳፋሪው ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ሲያየን ቡና የምንጠጣ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር እንጠጣለን፤ ሌላ ምን እናደርጋለን?

መብራቷ ጠፍታ «ተነሱ» ስንባል የሥራ ሰዓታችን ሊያልቅ ደርሷል። የአብራሪ ሚስት ስለሆንሽ ሕጉን ታውቂዋለሽ። ሰዓቱ ካለቀ መብረር የለም፤ ካፒቴኑ ግን አብረውት ያሉትን አንድ በአንድ ጠይቆ ሁሉም «ደህና ነን» ካሉ ትንሽ ሊያራዝመው ይችላል። አንድ ሰው እንኳ «አልችልም» ካለ ይቀራል፤ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ጥያቄው ጥያቄ መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል። ካፒቴኑ ወደ ኋላ ሳይዞር አውራ ጣቱን ያነሳል፤ እኛም አውራ ጣታችንን እናነሳለን፤ አለቀ። ማንም የማንንም ፊት አያይም። በዚህ ሥራ ጠጉሬ ሲሸብት አውራ ጣቱን ያላነሳ ሰው አይቼ አላውቅም።

የሠራተኛ መዳቢዋ ጉድቬግ ደወለች። «ቶርላይፍ፣ ተጠባባቂዎቼን ከጠዋት ጀምሮ ጨርሻቸዋለሁ፣ አንድም ሰው የለኝም። ትሄዳለህ ወይስ ልሰርዘው?» አለችው። «ምን ማለትሽ ነው፤ ነገ ልጄን እድራለሁ እኮ!» አላት። «በል እንግዲያ ጠይቃቸው» አለች።

አውራ ጣቱ ተነሳ። ረዳት አብራሪው ሲቨርትም የሱን አነሳ፤ ቀስ ብሎ፣ እጁን ከጉልበቱ ሳያነሳ። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩና «ይቅርታ፣ እኔ ደክሞኛል። አልችልም» አልኩ።

ባልሽ ዞረ። «ቀልድሽን ነው» አለኝ። «አይደለም» አልኩት። «የሱልቫይ ሠርግ ነው!» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት። «አንቺ ውሃና ብስኩት ነው የምታድዪው፤ የማበረው እኔ ነኝ። ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ መድረስ አቃተሽ?» አለኝ። እህቴ፣ ባልሽ እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። አንጀቴ እርር አለ፤ እጄን ግን ከኪሴ አላወጣሁም። ሲቨርት ጉሮሮውን ጠረገና «አንዱ ካልቻለ አይቻልም፤ ሕጉ ነው» አለ። ይህን ሲል ከትከሻው ላይ ሸክም ያወረዱለት ሰው ይመስል ነበር።

ለተሳፋሪዎቹ ራሴ ወጥቼ ነገርኳቸው። «በሥራ ሰዓት ምክንያት» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አክስታችን ቦርግሂል ግን መች ታሳልፈኛለች! የሠርጉን የለውዝ ኬክ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው የዋለችው። «ማነው ደከመኝ ያለው? ስሙን ንገሪኝ!» አለች። «እኔ ነኝ» አልኳት። «አንቺ? የሙሽራዋ አክስት? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ኬክ ተሸክሜ ስውል አልደከመኝም፤ አንቺ ደከመሽ? አፈር ብይ!» አለችኝ። ከኋላ አንዱ «ትራስ አምጡላት!» ብሎ ሰዉን አሳቀው። ወደ ደሴታችሁ የምትሻገረው ጀልባም ሄዳለች፤ የምትቀጥለው የምትደርሰው ከሠርጉ በኋላ ነው። ጠዋት ተሳፋሪዎቹ ባደሩበት ሆቴል ልጠይቃት ሄድኩ፤ አክስታችን ያን ኬክ እየቆረሰች ለማታውቃቸው ጀርመኖች አደለችው። ለእኔ ግን ፍርፋሪውን እንኳ አልሰጠችኝም። አፈርኩ፤ አልዋሽሽም፣ ቤቴ ገብቼ ቀሚሴን ለበስኩና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የመጀመሪያዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ ስትወለድ ከአዋላጇ ቀጥሎ ያቀፍኳት እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ ስሚኝ። ስለ ባልሽ አንዳች ነገር አልልሽም፤ የምጽፍልሽ ስለ ራሴ ነው። በዚያ ሦስተኛ በረራ ላይ ቡና ይዤለት ወደ ፊት፣ ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገባሁ። እንደ ሁልጊዜው ጥቁር፣ ስኳር የሌለው። «ቶርላይፍ፣ ቡናህ» ብዬ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። ደግሜ ጠራሁት። ኩባያው እጄን እስኪያቃጥለኝ ድረስ ዘርግቼ ቆምኩ። ሲቨርት ወደ እኔ ዞረና ወዲያው ዓይኑን ወደ መሣሪያዎቹ መለሰ፤ እስከ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ቡናውን ይዤ ወጣሁና ከኋላ ቆሜ ራሴ ጠጣሁት፤ ስኳር የሌለው ቡና እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ስናርፍ ባልሽ እየሳቀ «ዛሬ ቡና የለም እንዴ በዚህ ቤት?» አለኝ። ይህ የመጀመሪያ ቀን ቢሆን ኖሮ ምናልባት እኔም እንደ ሰው አውራ ጣቴን አነሳ ነበር። የእናንተ ደሴት ማረፊያ ደግሞ በዐለትና በባሕር መሃል የተዘረጋች መቀነት ናት፤ ጉሙም ገና አልተነሳም ነበር።

ቶርላይፍን እንደ ወንድሜ ነው የምወደው። ባሌ የሞተብኝ ክረምት በረዶዬን ማን ሲጠርግልኝ እንደከረመ አልረሳሁም። ያም ሆኖ ያናደደኝን አልደብቅሽም። እናንተ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጣችሁ «ሰነፍ ናት፣ ሁሌም ሰነፍ ነበረች» እያላችሁ ስታሙኝ እሱ ዓሣውን እየቆረሰ ዝም ብሎ ይበላል አሉ። ሱልቫይ ናት የነገረችኝ። አንድ ቃል ምን ነበረበት? «ተዉአት» ማለት እንኳ አይችልም? ሲቨርት ግን በማግስቱ በስልኬ «አመሰግናለሁ» የሚል መልእክት ላከልኝ፤ ሌላ ምንም አልጻፈበትም። እየከፈትኩ ደጋግሜ አነበዋለሁ።

ባልሽ ሌሊት እንዴት እንደሚተኛ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። በፋሲካ ጊዜ «ማንኮራፋቱ ድንገት ቀጥ ሲል እኔ ብንን እላለሁ፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ ይቀጥላል፤ ጠዋት ሲነሳ ድንጋይ ሲፈልጥ ያደረ ነው የሚመስለው» እያልሽ ስታስመስይው ሁላችንም በሳቅ ፈርሰን ነበር። እሱም ስቋል። አሁን ሳስበው ሳቄ አፌ ላይ ይደርቃል። የሚታከም ነገር ነው ይላሉ፤ ግን መጀመሪያ መናገር ይፈልጋል።

የሠርጉ ማግስት እኔና ቶርላይፍ ብቻችንን ተገናኘን። እሱና እኔ የምናውቀውን ነገር ከዕረፍቱ ሳይመለስ በፊት ሄዶ ለሐኪሙ ራሱ እንዲናገር ለመንኩት። «ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ» አልኩት። «ጡረታዬ ደርሷል እኮ፣ ትንሽ ብትታገሺኝ ምን አለበት? ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ይህንኑ ነው» አለኝ። ቢሆንም «አልታገስህም» አልኩት። እኔ የተናገርኩ ዕለት ከአሁኑም ይበልጥ ትጠዪኛለሽ፤ እሱንም ችዬዋለሁ። ለእሱ ግን ክፉ ቃል አትናገሪው። አስቀምጪውና በእርጋታ ጠይቂው፤ አንቺን እሺ ይላል።

እንግዲህ ወሬዬን ጨረስኩ። ከሳልሽ ይማርሽ። ለሙሽሮቹ ያማረ ትዳር፣ ሳቅ የማይጠፋበት ቤት ይስጣቸው። ባልሽንም ለአንቺ ያቆይልሽ፤ አርጅታችሁ በረንዳችሁ ላይ ስትጨቃጨቁ ለማየት ያብቃኝ። ለአክስታችን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ብትቀበልም ባትቀበልም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። እሑድ መኪናውን በጀልባ አሻግራችሁ ከሙሽሮቹ ጋር ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ አሉኝ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ዋሻውም ገደሉም ብዙ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ከኋላ ናቸው የሚቀመጡት። እሱ «እኔ ልንዳ» ይልሻል። «መንዳት ናፍቆኛል» በዪው፤ «መንገዱን ልለማመድ» በዪው፤ የመጣልሽን በዪው። ጎንሽ አስቀምጪውና ይተኛ። እባክሽ እህቴ፣ አንቺ ንጂ።

ስልክ የማታነሺላት፣
ታናሽ እህትሽ