በቃል የተነበበ መልእክት

ኅዳር 18፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ደክሞኛል። ዛሬም ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ በእሑዱ ቅዳሴ የሚነበበውን የሐዋርያት መልእክት እያጠናሁ ነው። እኅቴ ወይንሸት ወልድያ ሆና አንብባ በድምፅ ትልክልኛለች። በቃሌ ይዤ ቅዳሴ ላይ መጽሐፍ ገልጬ የማነብ እመስላለሁ። ዲያቆን ከሆንኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ። እግዚኦ! ከእሷና ከአንቺ ከደብተሬ በቀር የሚያውቅ የለም። ስጽፍ ፊደሉ እንደምንም ይወጣልኛል፣ ሳነብ ነው የሚጠፋብኝ፤ አንቺንም እጽፍሻለሁ እንጂ መልሼ አላነብሽም።

ለቅስና ታጭቻለሁ። የደብራችን መምህር መሪጌታ ከገና በፊት ሊፈትኑኝ ያስነብቡኛል። ምን ይዋጠኝ?

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ወይንሸት ለነገው የጽዮን በዓል መጣች። ስልኳ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ከፍታ አብረህ አጨብጭብ አለችኝ። አንዴ እቀድማለሁ፣ አንዴ እዘገያለሁ። ሳቀች። ኋላ መሳቋን ተወች። ጸናጽል ላይስ ያው አይደለሁ? ሁሉም ጨርሶ የእኔ ብቻ ይንሿሿል።

ጥናት አንብባ ኖሮ፣ አእምሮ የድምፅን ጊዜ ይለካል አለች፤ የአንዳንዱ ሰው ልኬት ይዛነፋል፤ ያኔ ፊደሉን ከድምፁ ማገናኘት ይከብዳል። አጥኚዎች ግን ሁሉም አልተስማሙበትም አለች። ብቻ ደንቆሮ አይደለህም አለችኝ። ተናደድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ደንቆሮ ነኝ ብዬ ኖሬ! ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ጽዮን

ጉድ ሆንኩ። በዓሉ እሑድ ሲውል የትኛው እንደሚነበብ የየዕለቱን ንባብ ከሚያሳየው፣ ቤ/ክ ካለው ግጻዌ ላይ ማየት ነበረብኝ። ማየት ማለት ማንበብ ነዋ። ገመትኩ። መሪጌታ የበዓሉን ገልጠው ሰጡኝ፤ እኔ የእሑዱን አንበለበልኩት። ያውም በሚያምር ድምፅ።

ሕዝቡ አላወቀም። መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ዐይኔን አሞኝ ነው ልበል? ገጹ ተገልብጦብኝ? ሰለቸኝ። ከንባቡ ይልቅ ውሸቱ አደከመኝ።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ፣ 10 ሰዓት

መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ጉልበታቸውን ስሜ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ጭብጨባውን ሳይቀር። ስለ አእምሮ ያልኩት ብዙም የገባቸው አልመሰለኝም። እሑድ ሳላነበው የቀረሁትን የበዓሉን መልእክት ገልጠው፣ ጣትህን መስመሩ ላይ አድርግና አንብብ አሉኝ።

አንድ መስመር። ላብ አጠመቀኝ። አንድም ቃል አልቀደሙኝም፤ ጠበቁኝ። ስጨርስ ቅስናው ዘንድሮ አይሆንም አሉ። ቀጠሉና፣ በየጠዋቱ ና፣ አንዳንድ መስመር እናነባለን፣ ጊዜ አለኝ አሉኝ። ጊዜ አለኝ! ልጅ ሆኜ በአለንጋ የገረፈኝ እንጂ ይህን ያለኝ መምህር የለም።

ወይንሸትን ከእንግዲህ ድምፅ አትላኪ አልኳት። አሁን አንቺን፣ ደብተሬን፣ ከፊተኛው ገጽ ጀምሬ ላነብሽ ነው። ጣቴን አድርጌ።