ወደ ኋላ ያልገፋኋት መኪና

ቡሬ፣ ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለታንጉት፤ ባለቤቴ ብዬ መጥራቴን ካልከለከልሽኝ።

እንደምን ከርመሻል? እናትሽ፣ ወንድምሽ ይሄይስ እንደምን ናቸው? እኔ በጤናዬ አለሁ። በሰኔ «የጣሊያን መኪና ከሚጠግን ሰው ጋር አልኖርም» ብለሽ ከወጣሽ ወዲህ አልጻፍሁልሽም፤ የምለው ስላልነበረኝ ነው። አባትሽ ዳዊት አስደግመውሻልና ይህን ራስሽ አንብቢው። ስትጨርሺ አቃጥይው።

የሚካኤል ዕለት ማለዳ የጣሊያን ወታደሮች ተጭነው ሊወጡ ሲሉ መኪናዋ አልነሣም አለች። ሌሎቹ መኪኖች ደብረ ማርቆስ ሄደው ከጦሩ ግቢ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ጣሊያኑ መካኒክ በወባ ተኝቷል። ስለዚህ እኔን ጠሩኝ።

ወዴት እንደሚሄዱ እንዳለው የሚባለው አስተርጓሚ በጆሮዬ ነገረኝ። ከጅጋ በላይ፣ ወደ እናንተ ሚካኤል ነው። አርበኞቹ ለንግሡ እንደሚመጡ ሰው ነግሯቸዋል፤ ታቦቱ ሳይገባ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ሊደርሱባችሁ ነው። አንቺ ከዚያ እንደማትቀሪ አውቃለሁ።

ጣሊያኑ ካፒቴን ደግሞ ማታ የነዳት ክንዱ የሚባለው ሰው ነውና ሆን ብሎ አበላሽቷታል አለ። ክንዱ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ የዱርቤቴ ሰው ነው፤ ሾፌር ነው፣ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ያድራል። በሰደፍ ደብድበው ቀኝ እጁን ሰበሩት፤ ከግቢው ግራር ጋርም አሰሩት። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተነሣች ይረሸናል ተባለ።

መጀመሪያ የፊት መብራቷን አበራሁ፤ ደህና በራ። ሞተሪኖውን፣ ሞተሩን የሚቀሰቅሰውን ማለቴ ነው፣ ስነካው መብራቱ ፍዝዝ ብሎ ሊጠፋ ደረሰ፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ባትሪው አልሞተም፣ ኃይሉም ይደርሳል፤ አንቆ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ከፊት የብረቱን እጀታ ሰክቼ በሁለት እጄ ብጠመዝዘው አልዞር አለኝ። ዘይቱን አየሁ፤ ሙሉ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ እንግዲህ ሞተሩ በዘይት እጦት አልደረቀም። ያን ጊዜ ገባኝ። የሞተሪኖው ጥርስ ከሞተሩ ትልቅ ጥርሳም ብረት ጋር ተቆላልፎ ቀርቷል። ማንም አላበላሻትም። ማርሽ አስገብቶ ወደ ኋላ መግፋት ይበቃታል፤ አንድ ጣሳ ውኃ እስኪጠጣ የሚያልቅ ሥራ ነው። ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም ነበር።

አልገፋኋትም።

የባትሪውን ሽቦ ፈትቼ ፋቅሁት። መልሼ አሰርሁት፣ ደግሞ ፈታሁት። ካፒቴኑ በመጣ ቁጥር «እየፈለግሁ ነው» አልሁ። ቀና ባልሁ ቁጥር ክንዱን አየው ነበር። ፀሐዩ ፊቱ ላይ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ውኃ እንዳጠጣው ፈቀዱልኝ። ጣሳውን ወደ አፉ ሳስጠጋ በዝግታ፣

«ወደ ኋላ አልገፋሃትም» አለኝ።

ሾፌር ነውና ከታሰረበት ሆኖ ሁሉን ሲከታተል ኖሯል። አንድ ቃል ለአስተርጓሚው ለእንዳለው ቢናገር እሱ ይፈታል፣ እኔ በቦታው እታሰራለሁ።

«አልገፋሁም» አልሁት። «ከሚካኤል ሰው አለኝ።»

እሱ በዚያ አገር አንድ ዘመድ የለውም፤ ሦስት ልጆቹ ዱርቤቴ ናቸው።

«እንግዲያው ካንዴላዎቹንም ፍታቸው» አለኝ። «ጊዜ ይፈጃሉ።»

ካንዴላ በሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው ትንሽ ብረት ነው፤ ፈታኋቸው። አንድ በአንድ ጠርጌ አንድ በአንድ መለስኋቸው። ጥላዬ ወደ እግሬ ተሰበሰበ፤ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። የመጨረሻው ካንዴላ አምልጦኝ ከመኪናዋ ሥር ተንከባለለ። በደረቴ ተኝቼ ስፈልገው የሁለት ወታደሮች ጫማ ወደ ግራሩ ሲሄድ አየሁ። ከዚያው ከመሬት ላይ «አገኘሁት» ብዬ ጮህሁ። ካንዴላውን እንዴት እንዳሰርሁት አላውቅም። ማርሽ አስገብቼ ወታደሮቹን ከፊት ወደ ኋላ አስገፋኋቸው። አንዴ እንቢ አለች። ሁለተኛም እንቢ አለች። በሦስተኛው ከውስጥ ቀጭ አለና ለቀቀች፤ ሞተሪኖውን ስነካው ተነሣች።

ጥርስ ተቆላልፎ እንጂ የሰው እጅ እንደሌለበት አስረዳሁ፤ ክንዱን ፈቱት። የሚነዳ ሰው ስለጠፋ እኔው ነዳሁላቸው። ከእናንተ ሚካኤል የደረስነው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። በግቢው የተረገጠ ሣርና አንድ ሽማግሌ ቄስ ብቻ አገኘን። «ንግሡ አልፏል፣ ሰው ወደየቤቱ ገብቷል» አሉ ቄሱ። ወታደሮቹ ተናደዱና ሲመለሱ መንገድ ዳር ያገኙትን የይሄይስን ቤት አቃጠሉ። እኔ መሪውን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ይህንን ከሌላ ሰው እንድትሰሚው አልፈለግሁም።

በዚያን ቀን በክንዱ ነፍስ ላይ የፈረድሁት እኔ ነኝ። እሱ ዝም ባይል ምን እንደሚመጣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ማታ ቤት ገብተን እጁን በቀርከሃ ሳስርለት ያ ሰውህ ማን ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም።

አሁን እዚህ መክረም አልቻለም፤ ካፒቴኑ በክፉ ዓይን ያየዋል። ይህን ወረቀት ያመጣልሽ እሱ ነው። ይሄይስ ቤቱ ቢቃጠልም መጠጊያ አያጣለትም። እኔም አብሬው እንዳልመጣ ሁለታችን በአንድ ቀን ብንጠፋ መንገድ ሳይጋመስ ይደርሱብናል። በኋላ እንዴት እንደምከተለው እሱ ያውቃል።

ቀኝ እጁ ገና ነው፤ በግራው ለመብላትም ያፍራል። እባክሽ ሰው ሳያይ አጉርሺልኝ።

ሚካኤል ከእናትሽ፣ ከወንድምሽ ጋር በክንፉ ይሸፍንሽ።

ዘሩ