የልጅ ልጅህ ትንፋሽና የሳህኑ ውሃ

ይድረስ ለሠናይት አባት፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል ብዬ ልጀምር ስል እጄን ያዝኩት። የልማድ ነገር ነው፣ አትሳቅብኝ። ከተለያየን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ደጅ ደርሷል። እስከ ዛሬ ወረቀት አላስፈለገኝም፤ የሆዴን ሁሉ መቃብርህ ድረስ እየመጣሁ በአፌ ስነግርህ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ከዚህ አግዳሚ ወንበር መነሳት አልቻልኩም። ብነሳ አንድ ነገር የሚሆን ይመስለኛል። ያለሁት ሆስፒታል ነው። እኔስ ደህና ነኝ፣ አትደንግጥ። ልጃችን ሠናይት ወልዳለች። አያት ሆነሃል ሆድዬ።

እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ግን አፌ አልደፈረም። ሴት ናት፤ ቀኗ ሳይደርስ ነው የመጣችው፤ መተንፈስ አቅቷታል። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በዚህ ገርበብ ባለው በር በኩል ድምጿ ይሰማኛል። ትንፋሿን ባወጣች ቁጥር እህ፣ እህ ትላለች፣ እንጨት ተሸክሞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው። እሷን በአንድ ጆሮዬ እየሰማሁ ነው የምጽፍልህ። ጽሑፌ ቢንጋደድ እንደ ተማሪዎችህ ነጥብ እንዳትቀንስብኝ።

የቤቱን ወሬ ባጭሩ ልንገርህ። የአራዳው ቤታችን እንዳለ ነው፤ ጣሪያው መጻሕፍትህ ባሉበት ጥግ ማፍሰስ ስለጀመረ መደርደሪያህን ወደ ጓዳው በር አዛውሬዋለሁ። እኔ እዚያው መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታለሁ። ሠናይት ያንተን መንገድ ተከትላ የሳይንስ አስተማሪ ሆናለች፤ አምባ ጊዮርጊስ ነው የተመደበችው። ባሏን አምሳሉን ታውቀዋለህ፤ ሽማግሌ የላከ ለታ ራሱ ደጅ ዝናብ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አይተህ የሳቅክበት ልጅ ነው። እሱ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ዘምቷል። ከፋሲካ ወዲህ አንዲት ደብዳቤ አልመጣችም። ሠናይት መጠበቁ ሲያቅታት ጎንደር ፖስታ ቤት ሄጄ ራሴ ልጠይቅ ብላ በአውቶቡስ ስትመጣ ምጡ መንገድ ላይ ያዛት። ሹፌሩን እግዜር ይስጠው፣ መናኸሪያም ሳይገባ ሆስፒታሉ በር ላይ አወረዳት። ደብዳቤውን በማግስቱ እኔ ጠየቅኩላት፤ የለም። ገና አልነገርኳትም። በመንገዱ ላይ የወታደር ማኪና ባለፈ ቁጥር ራሷን ቀና ታደርጋለች፤ ድምፁ ሲርቅ ትመልሰዋለች።

ጎረቤታችን እትዬ የሺ አጥሚት ይዛ መጥታ ነበር። ልጅቱ በስምንተኛ ወሯ መወለዷን ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠችና፣ ምነው በሰባት በወለደች፣ የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ግን እንጃ አለች። ምነው ያን አፏን በዘጋልኝ! አንተ ብትኖር የምትላትን አውቃለሁ፤ እናቱ ሆድ ውስጥ አንድ ወር የጨመረ ልጅ እንዴት ይብስበታል ብለህ ትሟገታት ነበር። እኔም እንዲሁ ብዬ መለስኩላት። ከሄደች በኋላ ግን ስምንት፣ ስምንት እያልኩ አደርኩ። እልልታም አላስባልኩም። አብረዋት የመጡት ሴቶች ሊሉ ሲቃጣቸው እጄን አንስቼ ከለከልኳቸው።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ምን እንደሆነች ንገረኝ፣ አትሸፍንብኝ ብዬ ያዝኩት። እግዜር ያክብረው፣ አጠገቤ ተቀምጦ አስረዳኝ። ሳንባ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ አረፋ የመሰሉ ብዙ ከረጢቶች አሉ አለኝ። ውስጣቸው ስስ ውሃ የለበሰ ነው። የውሃው ሞለኪዩሎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ከረጢቱን ወደ ውስጥ ይጨብጡታል፤ አየሩ ሲወጣ ከረጢቱ ተጨማዶ ይጣበቃል። ጊዜውን ጨርሶ የተወለደ ልጅ ሳንባው ራሱ የሚያመነጨው፣ እንደ ሳሙና ያለ ቅባት አለው፤ ውሃው መሀል እየገባ ያን መሳሳብ ያላላዋል። የእሷ ገና አልደረሰም። ስለዚህ ትንፋሽ በሳበች ቁጥር የተጣበቀውን እንደ አዲስ ማላቀቅ አለባት። እህ የምትለውም አየሩ ጨርሶ እንዳይወጣባት ጉሮሮዋን ጠበብ አድርጋ ስትይዘው ነው አለኝ። ማንም ሳያስተምራት! ሠናይት ይህን ሁሉ ቀድማ ታውቀዋለች፤ አውቃው ነው አንድም ጥያቄ ያልጠየቀችው።

እኔ ግን እዚህ ላይ የታየኝ ሳህኔ ነበር።

ታስታውሳለህ? የሰው ባል ከሥራ ሲገባ ራቱን ይጠይቃል፤ አንተ ሳህን ትጠይቅ ነበር። ለነገው ክፍል ልለማመድ ትልና ሳህኑን ውሃ ትሞላለህ፤ የልብስ መርፌዬን በስስ ወረቀት ላይ አስተኝተህ ታንሳፍፋታለህ። ብረት እንዴት ይንሳፈፋል ብዬ የተሟገትኩህ ቀን! ውሃ ውስጥ ያለውን ሞለኪዩል በዙሪያው ያሉት ሁሉ ይስቡታል፤ ገጹ ላይ ያለው ግን ከበላዩ ጎረቤት የለውም፣ ስለዚህ ከጎኑና ከሥሩ ካሉት ጋር አጥብቆ ይያያዛል፤ መርፌሽን የተሸከማት ያ መያያዝ ነው አልከኝ። ከዚያ የእንዶድ አረፋ በጣትህ ጫፍ ነካ አደረግክበት፤ መርፌዬ ቁልቁል ሰመጠች። ሠናይት ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ አጨብጭባ እንደገና፣ እንደገና አለች። እኔ ደግሞ መርፌዎቼ ዛጉ ብዬ ስነዘንዝህ አመሸሁ።

እንቁላሉንስ? ቀቅለህ ለሁለት ከፈልከውና፣ ይህ ነጩ ፈሳሽ ነበር አልከን። ሞለኪዩሉ ረጅም ክር ነው፤ አንዱ ጫፉ ሌላውን እየሳበ፣ ተጣጥፎ ቦታ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ሙቀት ሲበዛበት ይፈታና ከጎረቤቱ ክር ጋር ይተበተባል፤ ወደነበረበትም አይመለስም። ለአንተ ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር። በዚያ ትኩሳት ስትነድ ግን እኔ ግንባርህን በነካሁ ቁጥር የሚታየኝ እንቁላሉ ነበር። ፈርቼ ነገርኩህ። አቅም አጥተህ እንኳ ሳቅክብኝ፤ እኔ ድስት ውስጥ አይደለሁም፣ እንዲህ በቀላሉ አልቀቀልም አልክ። በሳምንቱ ጥለኸኝ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ ያንተን ሳይንስ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ወደ ሐኪሙ ልመለስ። ያን ቅባት ከውጭ የሚሰጥ መድኃኒት እዚህ የለንም፣ ሳንባዋ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ መሥራት ይጀምራል፣ እስከዚያ ካልደከመች ትተርፋለች አለኝ። ካልደከመች! በአፍንጫዋ ኦክስጅን ይገባላታል። ብርድ እንዳይመታት ሠናይት ደረቷ ላይ ልጥፍ አድርጋ በጋቢ ጠቅልላታለች፤ አዎ፣ ያንተው ጋቢ ነው። መብራት ሲጠፋ ሲስተሯ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ እየሞላች በጎንና በጎናቸው ታስቀምጣለች። ሁሉም የሚችለውን እያደረገ ነው፤ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። ታውቀኛለህ፣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም።

እንግዲህ ትናንት ያደረግኩትን ልንገርህና ተቆጣኝ።

ሠናይት ሸለብ ሲያደርጋት ወደ ቤት ሮጥኩ። እንዶድህን የምታስቀምጥበት የወተት ቆርቆሮ ዛሬም መደርደሪያህ ላይ ነው። ፍሬው ደርቆ ጠቁሯል። ወቀጥኩትና በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ሐኪሙ እንደ ሳሙና ያለ ቅባት አይደል ያለው? ውሃውን የሚያላላ አይደል? መርፌዬን ያሰመጠውስ ይኸው እንዶድ አይደል? አንዲት ጠብታ አረፋ ምላሷ ላይ ባኖርላት፣ ከእሷም ትንሽ ወደ ሳንባዋ ብትወርድላት ብዬ ነው። እግዜር ያሳይህ፣ ራሴን እንደ ብልህ ቆጥሬያለሁ። እትዬ የሺ መንገድ ላይ ስትጠራኝ እንኳ ዞር አላልኩም።

ስመለስ ሠናይት እንደተኛች ናት። ዱቄቱን በውሃ መጠጫ ጣሳ በጠበጥኩት፤ አረፋው ወጣ። ጣቴን ነከርኩ። የልጅቱ አፍ ገርበብ ብሏል፤ ከንፈሯ ከጥፍሬ አይበልጥም። ጎንበስ ስል የእንዶዱ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ወዲያው ቀሃ ወንዝ ትዝ አለኝ።

ልብስ ልናጥብ የወረድን ቀን ነው፤ አንተ ጋቢውን ትረግጣለህ፣ እኔ አለቀልቃለሁ። ሠናይት እጣቢው ወደሚወርድበት ኩሬ ሄዳ ጮኸች። ደቃቃ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈው ነበር። ስታለቅስ አጠገቧ ቁጭ ብለህ አስረዳሃት። የሕያው ነገር ሁሉ ገላ ከደቃቅ ክፍሎች የተሠራ ነው፣ እያንዳንዱም ስስ የቅባት ልብስ አለው፣ የልብሱን ሞለኪዩሎች አያይዞ የሚያኖራቸውም ያው መሳሳብ ነው አልካት። እንዶድ ከጋቢው ላይ እድፉን እንደሚያላቅቅ ያንንም ያላቅቀዋል፤ ለእኛ የበጀው ዓሣውን ገደለው አልካት። እኔ ደግሞ ለዓሣም ይለቀሳል ወይ ብዬ ሁለታችሁንም ገሠጽኳችሁ።

ጣቴን መለስኩ። ጣሳውን ይዤ ወጥቼ ውጭ ደፋሁት፤ እጄን እየደጋገምኩ ታጠብኩ። ያን ቀን ለሠናይት ባትነግራት፣ እኔም ቆሜ ባልሰማ ኖሮ ልጅቱን በገዛ እጄ... ይህን አልጽፈውም። ለሠናይት አልነገርኳትም፤ ያወቅከው አንተ ብቻ ነህ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም። ሥራዬ እሷን መስማት ብቻ ነው። በመካከል ዝግ ሲልባት እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። እንደገና እህ ስትል እለቀዋለሁ።

ቆይ እስቲ።

ድምጿ ጠፋብኝ።

ተመልሻለሁ። እስክሪብቶውን ወርውሬ ስገባ ሠናይት ዓይኗን ከድናለች፤ ልጅቱ ደረቷ ላይ ጭጭ ብላለች። ሞተች! ብዬ ጮኽኩ። ሲስተሯ ሮጣ መጥታ ጋቢውን ገለጥ አደረገች፤ ቀና ስትል እየሳቀች ነበር። እናቴ፣ እንቅልፍ ወስዷት ነው፣ ማቃሰቱን ተወችው አለችኝ። አላመንኳትም። ሐኪሙ ተጠርቶ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ቆየ፣ በጣም ቆየ። አየሩ በሁለቱም ወገን እየገባ ነው፣ ከረጢቶቹ ሳይጣበቁ መቆየት ጀምረዋል፣ ገና መጠበቅ አለብን፣ ነገር ግን ከባዱ ያለፈ ይመስለኛል አለ። ይመስለኛል የምትለዋን ቃል አልወደድኳትም። ሠናይት በጩኸቴ ነቅታ ተቆጣችኝ፤ አባዬ ቢኖር እንዲህ አትጮኺም ነበር አለች። እውነቷን ነው። አንተ ቀድመህ ጎንበስ ብለህ ታይ ነበር፤ እኔ እጮሃለሁ። የልጅቱን ጉንጭ ግን አየሁት፤ ጠዋት አመድ የመሰለው ወዝ ጀምሮታል። እኔም ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እልልታዬን ለክርስትናዋ አስቀምጬዋለሁ። ያን ቀን አንተ ያለህበት ድረስ እንዲሰማ አድርጌ ነው የምለው። ቆርቆሮህን አልጥለውም። ስታድግልኝ ሳህኑን አውጥቼ ውሃ እሞላለሁ፤ መርፌዋን አንሳፍፌ፣ አያትሽ እንዲህ ያደርግ ነበር እላታለሁ። የዓሦቹንም ነገር አስከትዬ እነግራታለሁ፤ አንዱን ያለ ሌላው ማወቅ ምን እንደሚያደርግ አይቼዋለሁ። በዚህ ቤት ሰው እስካለ ድረስ ስምህ ይነሳል፤ ይህን ቃል ገብቼልሃለሁ።

ሐኪሙ ሂጂና ጋደም በይ ብሎኛል። የት ልሄድ? ሦስት ቀን ሙሉ ድምጿን ስፈራ ከረምኩ፤ አሁን ደግሞ ዝምታዋን ፈራሁት። በሩ ሥር ሄጄ ልቁምና ዝም ብላ ስትተነፍስ ልስማት።

መርፌዎቿን ያዛግክባት ባለቤትህ